መረብ የለበሰው ሃኒቤሪ

አሁንም የሽቦ በር ሲንኳኳ ስሰማ ትንፋሼን ዋጥ አደርጋለሁ። በሰው አገር፣ ሴንት አልባንስ ባለው ቤታችን በር በተንኳኳ ቁጥር አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ እኔንና እማዬን ባለንበት ያደርቀን ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይለን ነበር፤ በሱዳን ስደቱ ማን ምን እንዳደረገው ግን ነግሮን አያውቅም።

ቤቱን ስንገዛ ከጓሮው አጥር ሥር፣ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ጥግ፣ አንድ የሃኒቤሪ ቁጥቋጦ ቆሞ አገኘን፤ ጸደይ ሲያበቃ ሾል ያለ ሰማያዊ፣ ጎምዘዝ የሚል ፍሬ ይሰጠን ነበር። ከአጥሩ ማዶም ዩክሬናዊው ሽማግሌ ጎረቤታችን ሚስተር ፔትሮ አንድ ነበራቸው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ንብ ከብርዱ የተነሣ ብቅ በማትልበት ጠዋት፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው በትንሽ ብሩሽ የእኛን አበባ ሲነካኩ አባዬ በመስኮት አያቸው። መርዝ ነው አለ፤ ማታ ደግሞ መተት ነው አለ። እማዬ ፈረንጅ ምን መተት ያውቃል ብላ ብትስቅበትም፣ በማግሥቱ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ገዝቶ ቁጥቋጦውን እንደ ሙሽራ ከራስ እስከ እግሩ ሸፈነው። በዚያ ሰሞን በራችን ደጋግሞ ተንኳኳ፣ እኛም ደጋግመን ዝም አልን።

ጸደዩ ሲያልቅ ከእኛም ከእሳቸውም ቁጥቋጦ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተገኘችም። አባዬ ይኸው መተቱ ሠራ እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ፤ አንድ ቀን እኔና እሱ ቆሻሻ ልናወጣ ስንል ሚስተር ፔትሮ ደጅ ላይ ያዙት። ሃኒቤሪ ብቻውን እንደማያፈራ፣ የራሱ ዓይነት ቢደረደርለትም ዋጋ እንደሌለው፣ እኩል የሚያብብ ሌላ ዓይነት ጓደኛ እንደሚፈልግና የእኛና የእሳቸው ጓደኛሞች እንደነበሩ፣ በብሩሹም ንብ በሌለችበት የአንዱን አበባ ብናኝ ለሌላው ያደርሱ እንደነበር ረጋ ብለው አስረዱት።

«ሚስቴ መጦሪያ ቤት ናት፤ እኔንም ረስታኛለች» አሉ። «ስሜን የምትጠራው ይህቺን ፍሬ ስትቀምስ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ አባዬ።

«ስንት ጊዜ አንኳኳሁ። ቤት ነበራችሁ።»

በሚቀጥለው ዓመት አባዬ መረቡን አነሣ፣ ፍሬውም መጣ፤ አንድ ሳህን ሞልቶ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ። ባለቤታቸው ግን በክረምቱ አርፈው ነበር። ሚስተር ፔትሮ ሳህኑን ተቀብለው አመሰገኑት። አባዬ ቤት ገብቶ አለቀሰ፤ እኔም ተናደድሁበት፣ አሳዘነኝም።

ዛሬ ሚስተር ፔትሮ የሉም፤ ቤታቸውን የገዙት ሰዎች ቁጥቋጦውን ነቅለው ሲሚንቶ አፈሰሱበት። እኔም ሌላ ዓይነት ሃኒቤሪ ኦርደር አድርጌ ለአባዬ ከእኛው አጠገብ ተከልሁለት። አሁን ሁለቱም በአጥራችን ውስጥ ስለሆኑ ማንም ጎረቤት አያስፈልገንም፤ በየዓመቱ በደንብ ያፈራሉ። አባዬ ግን ለቅሞ ሲጨርስ የሚያደርስለት ሰው የለውም።