የኦትማር የአውቶቡስ ቀልድ

ኦትማር በቴክሳስ፣ በጓዳሉፔ ወንዝ ዳር ጎማ ከሚያከራዩት አንዱ ዘንድ ሹፌር ነው። ሰው የተነፋ ጎማ ተከራይቶ፣ ቢራውን በበረዶ ሳጥን ሞልቶ ሲመጣ፣ በአሮጌ የተማሪ አውቶቡስ ጭኖ ወደ ላይኛው መግቢያ ያደርሰዋል። ሰውዬው ጎማው ላይ ተንጋልሎ ውሃው እንዳደረገው ይወርዳል። ኦትማር ደግሞ ግድቡ አጠገብ ጠብቆ በፀሐይ የቀላውን፣ በቢራ የላላውን፣ ጫማው የጠፋበትን ለቃቅሞ ይመልሳል። በጋው በዚህ ያልቃል።

ከመነሳቱ በፊት ማስጠንቀቂያ መናገር ግዴታው ነው። ጠርሙስ አይገባም፤ ከግድቡ በፊት ውጡ፤ አብሯችሁ የሚንሳፈፈውን የበረዶ ሳጥን ገመድ ሰውነታችሁ ላይ አትሰሩ። ይህን ደረቁን ብትነግረው የቴክሳስ ወጣት አይሰማህም። ቀልድ ከሆነ ግን ጆሮው ይቆማል። ስለዚህ ኦትማር ገመዱ ላይ ሲደርስ የሳጥኑን ሰውዬ ታሪክ ያወራል፤ ለማስረጃም ሳጥኑን ራሱን፣ ከነተቆረጠ ገመዱ፣ መሪው አጠገብ አስቀምጦታል። ከዚህ ቀልድ የተነሳ ሌሎቹን አውቶቡሶች አሳልፈው የእሱን የሚጠብቁ ደንበኞች አሉ። እሱም ይህን ያውቃል፤ ትንሽም ይኮራበታል።

በዚያ ቅዳሜ ደግሞ የሚኮራበት ሌላ ነገር ነበረው። ጎማ የምታከራየው ልጁ ኮራ ልትዳር ነው። እጮኛዋ ዌድ በየዓመቱ እናቴን ላስብ እያለ ወደዚህ ወንዝ የሚመጣ፣ እዚያው የጎማ ማከራያው መስኮት ላይ ያገኛት ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱ ሀርላን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአማቾቹ ጋር ሊተዋወቅ መጥቷል። ኦትማር ከንጋት ጀምሮ ፍርምባ በጭስ እያበሰለ ነው። ለሀርላን ያሰበው ግን ከፍርምባው ይልቅ ቀልዱን ነበር።

ሀርላን ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ።

«ጋሼ ኦትማር!» አለ ዌድ ከኋላ፣ ኮራን አቅፎ። «ያቺን ልቀቃታ! አባቴ ሰምቷት አያውቅም!»

«አባዬ አትለመን እንግዲህ!» አለች ኮራ። አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ።

ኦትማር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዓመታት በፊት አንድ ሰውዬ ብቻውን መጣ። ቢራው እንዳይጠፋበት የሳጥኑን ገመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰረ። ትልቁ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ሳጥኑ በግራ፣ እሱ በቀኝ! በአፍጢሙ ተደፋላችሁ። ዘልዬ ገባሁ፣ ገመዱን በቢላ ቆረጥኩለት። አመሰገነኝ? የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው! እኔ ወደ ዳር ስጎትተው እሱ ሳጥኑን ሊከተል ይታገለኛል። ባፍንጫው ውሃ እየወጣ ‹ሳጥኔን! ሳጥኔን!› እያለ አለቀሰ። ኧረ ጎበዝ፣ ቢራ እኔም እወዳለሁ፤ ግን ለቅሶ አልቀመጥለትም!» ሳጥኑን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ሟቹም ይኸውላችሁ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ዌድ ስንት ጊዜ የሰማውን ቀልድ እንደ አዲስ ሳቀ። ኦትማር በመስታወቱ አማቹን ፈለገ። ሀርላን አልሳቀም። አጎንብሶ የሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን፣ የጋለ መጥበሻ ያቃጠለውን ክብ ጠባሳ በጣቱ እየዞረ ይዳስስ ነበር።

መግቢያው ላይ ሁሉም ጎማውን ተሸክሞ ወረደ። ኮራና ዌድም ጎማቸውን ጎን ለጎን አስረው እየተሳሳቁ ሄዱ። ሀርላን ከመቀመጫው አልተነሳም።

«ውሃው አላማረዎትም እንዴ?» አለ ኦትማር።

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

ኦትማር የቀልድ መልስ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሀርላን የሱሪውን ጫፍ ሰበሰበ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገመድ የበላው ነጭ ጠባሳ ዞሮ ገጥሟል።

«ቢራ አልነበረም» አለ ሀርላን። «ቨርና ነበረች፤ ሚስቴ። ስሞት አቃጥሉኝና አመዴን ወንዙ ላይ በትኑልኝ ብላ ነበር። ውሃ እንዳይነካት የቡና ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮውን ደግሞ በራሷ ሳጥን ውስጥ አደረግኳት። እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው ያሰርኳት።»

ኦትማር ሳጥኑ አጠገብ የነበረውን እግሩን ሰበሰበ።

«ዳር የቆመው ሁሉ ሲስቅብኝ አፈርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ለዌድ ‹ወንዙ ወሰዳት› አልኩት፤ ለራሴም እንደዚያው። ሳጥኑ ግድቡን ሲሻገር ተከፍቷል ብዬ ተጽናናሁ። ዛሬ እንግዲህ ገመዱን የቆረጠልኝን ሰው ፈልጌ ላመሰግን ነበር ሐሳቤ።» ዓይኑ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። «ቆርቆሮውስ? አብሮ ነበር?»

ባዶውን ነው ያገኘሁት ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ኦትማር ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ማን ያውቅበታል? ሰውዬውም ሰላም ይውላል፣ ሠርጉም ይሠረጋል። ግን ያን ሁሉ ዘመን በዚያ ለቅሶ ሰው ሲያስቅ ኖሮ፣ አሁን ደግሞ አልቃሹን ፊት ለፊት ሊዋሸው ነው?

«አብሮ ነበር» አለ። «ከጎርፍ እንጨት ጋር ተጠላልፎ በማግስቱ አገኘሁት።»

ግድቡ ላይ የተገኘ የአግኚው ነው፤ የወንዙ ሰዎች ልማድ ነው። ቆርቆሮውን ሲከፍት አመድ አየ። ሰፋሪዎች የምድጃቸውን አመድ በቡና ቆርቆሮ ሞልተው ስለሚሄዱ ያ መሰለው። የዚያ አገር ሰው ደግሞ አመድ ሲያገኝ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ቀይ ጉንዳን ማባረር።

«የአውቶቡሱ ጋራዥ ጋ የጉንዳን ኩይሳ አለ» አለ ኦትማር። መሬት መሬት እያየ ነበር። «እንዲለቁ ብዬ... እሱ ላይ ደፋኋት፤ ጌታዬ።»

ሀርላን ኮፍያውን ከጉልበቱ አነሳ። ቢመታው፣ ቢሰድበው ኦትማር በወደደ።

«ውሰደኝ» አለ ሀርላን።

ጋራዡ ጋ ሲደርሱ ሀርላን ኩይሳው ፊት ተንበረከከ። ኮፍያውን ገልብጦ ያዘና አፈሩን በእጁ እየዘገነ ይከትበት ጀመር። ጉንዳኖቹ ክንዱ ላይ ወጡ፤ አላራገፋቸውም።

«ለቀቁ? ያኔ ስትደፋው?»

«የለም ጌታዬ። እንዲያውም ባሰባቸው።»

ከሀርላን ደረት የሆነ ነገር ፈንቅሎ ወጣ፤ ሳቅ ነበር፤ ወዲያው ግን ለቅሶ ሆነ። «ቨርና ናታ» አለ። «ማንን ፈርታ ታውቃለች!»

ኦትማርም አጠገቡ ተንበርክኮ እጁን አፈሩ ውስጥ አስገባ። ጉንዳኖቹ ሲነድፉት ትንሽ ቀለለው፤ መቅለሉም ደግሞ አሳፈረው።

ወደ ግድቡ ሲወርዱ ሀርላን ኮፍያውን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እጆቹ አብጠዋል።

«ለልጁ እኔ እነግረዋለሁ» አለ። «አንተ ተወው። ስለ ቀልዱም አላነሳብህም።»

ይህ ቸርነት ኦትማርን ከንድፊያው ሁሉ ይልቅ አንገበገበው። «አይሆንም» አለ። «ሳስቀው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ኮራና ዌድ ጎማቸውን እየጎተቱ፣ ውሃ እያንጠባጠቡ ከወንዙ ሲወጡ ኦትማር ቆቡን አውልቆ ዳር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሳጥኑን ከአውቶቡሱ አውርዶ እግሩ ሥር አስቀምጦታል። ኮራ አባቷን ገና ስታየው ፈገግታዋ ጠፋ። ዌድ ግን ሳጥኑን ብቻ ነው ያየው።

«እሺ ጋሼ ኦትማር!» አለ ከሩቅ እየጮኸ። «አባቴን አሳቅከው?»