ጀርባቸውን ለግድግዳ የሚሰጡት ሰው

በራቸውን ያንኳኳሁት ባለቤታቸው የሞቱ ሰሞን ነው። ጄኔቫ ዳር ባለችው በኦኔ፣ እኔ በምኖርበት ረጅም ሕንፃ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር፤ እሳቸው ጥቁር አፍሪካዊ፣ ሚስታቸው የዚሁ የጄኔቫ ሰው። ከዚያ በፊት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ሊፍት ውስጥ ሰው ካለ አይገቡም፤ ቀጣዩን ይጠብቃሉ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይም ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ነው የሚቆሙት። ኩራት ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም ጎረቤት ሐዘን ላይ ተቀምጦ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ምስር ወጥ በሩዝ ይዤ ወጣሁ።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ። አንድ ዓይን ብቻ ታየኝ።

«ማን ላከሽ?» አሉ በፈረንሳይኛ።

«ማንም አልላከኝም። ከታች ያለሁት ጎረቤትዎ ነኝ። ነፍስ ይማር ልል ነው የመጣሁት።»

«ከየት አገር ነሽ?»

«ከኢትዮጵያ።»

በሩ ተዘጋ። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልመለስ ስል ከውስጥ አንድ ድምፅ በአማርኛ ጮኸ፦ «ተጠንቀቅ! ቀኝ ኋላ ዙር!»

ሳህኑ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። እኔ ያደግኩት እንዲህ ያለ ድምፅ ከደጅ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን አልጋ ሥር በሚከቱበት ዘመን ነው። «የእኛው ወታደር ነው፤ ራሱን ደብቆ፣ ሌላ አገር ሰው ነኝ ብሎ እዚህ የተቀመጠ» አልኩ በልቤ። በሩ እንደገና ሲከፈት ግን ሰንሰለቱ ወርዷል፤ ሰውዬው ፈገግ ብለዋል።

«አልረሳሁትም ማለት ነው» አሉ፣ ወደ ፈረንሳይኛቸው ተመልሰው።

እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው ባጭሩ ነገሩኝ። ደቡብ አፍሪካዊ ናቸው። ጥቁርና ነጭ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ በማይቀመጡበት ዘመን ለነፃነት የተነሣውን ንቅናቄ ከመሩት አንዱ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ከጓዶቻቸው ጋር ከአገራቸው ተደብቀው ወጥተው፣ አዲስ አበባ ዳርቻ ባለ የጦር ካምፕ ሠልጥነዋል። አሠልጣኛቸው የእኛ አገር አሥር አለቃ ነበር፤ ከትእዛዝ በቀር ከእነሱ ጋር የሚግባባበት ቋንቋ አልነበረውም።

«ከዚያ ሌላ የማውቀው አማርኛ ‹ጨው የለውም› የሚለውን ብቻ ነው» አሉና ሳህኑን አዩት። «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እኔ ግን ድግስ ላይ አሳላፊ ከእንግዳው በፊት ሲቀምስ እያየሁ ነው ያደግኩት። አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው፤ እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ወዲህ ተለማመድን። «ጋሼ» እላቸው ጀመር፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። እኔ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ይለኛል፤ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። አንዳንድ ከሰዓት በትራም ካሩዥ ሰፈር ሄደን ሻይ እንጠጣለን። ገና ስንገባ ጥግ ያለውን ወንበር ይይዙና ጀርባቸውን ለግድግዳ፣ ፊታቸውን ለበሩ ይሰጣሉ። የገባውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል። እኔን ሳይቀር፣ ቦርሳዬን በከፈትኩ ቁጥር እጄን ይከተላሉ።

አምኛቸው ነበር ወይ? አላመንኳቸውም። ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ የአገራችን ሰዎች በሚሰበሰቡበት ካፌ ስለ እሳቸው ሳነሣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሳቁ። «እዚህ ከተማ ያለ የደቡብ አፍሪካ ሽማግሌ ሁሉ መሪ ነበርኩ ነው የሚለው። ተራ ታጋይ አልነበራቸውም እንዴ? ደግሞ መካከላቸው ጆሮ ጠቢ ሞልቶ ነበር ይባላል። አደራ፣ ብዙ አትቅረቢ።» ልጄም ስማቸውን በስልኳ ፈልጋ አጣች። «ማማ፣ ሪያን! ምንም የለም። ይሄ ሰውዬ ቢዛር ነው፣ ግራ ያጋባል» አለችኝ።

ጋሼን ስጠይቃቸው፣ «እኔ የምታወቀው በትግል ስሜ ነው» አሉ።

«ማን ነበር የትግል ስምዎ?»

«ዛሬ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነው» ብለው ወሬውን ቀየሩት። እኔም ከዚያ በኋላ የቤቴን ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ማኖር ተውኩ።

በጸደይ ወራት ከዙሪክ ተደወለላቸው። በአፓርታይድ ዘመን ባንኮች ደጃፍ ቆመው ይቃወሙ የነበሩ ስዊሳውያን፣ ዛሬ ሁሉም አርጅተው፣ የመታሰቢያ ስብሰባ አዘጋጅተዋል። ጋሼ እንዲናገሩ ተጋበዙ። አብረዋቸው የሚናገሩት ዙሪክ የሚኖሩ የቀድሞ ጓዳቸው ናቸው፤ እንደ እሳቸው መሪ የነበሩ ሴት። ጋሼ ስማቸውን ሲሰሙ ስልኩን ዘጉት። ብዙ ቀን እምቢ ካሉ በኋላ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

«አብረሽኝ ከመጣሽ እሄዳለሁ።»

«እኔ እዚያ ምን አገባኝ ጋሼ?»

«ስለማያገባሽ ነው። የሚሆነውን የሚያይ፣ ከማንም ወገን ያልሆነ ሰው ያስፈልገኛል።»

ባቡሩን ከጄኔቫው ጣቢያ፣ ከኮርናቫን ተሳፈርን። ሎዛን ላይ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ጎረምሳ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። ጋሼ ክርኔን ነካ አድርገው አስነሡኝና ሌላ ፉርጎ ገባን። እዚያም አንዲት ጋዜጣ የያዘች ሴት ጋዜጣዋን አልገለጠችም ብለው ዳግመኛ አስነሡኝ። እግሬን አሞኛል። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኔ በርን ከተማ ላይ ወርጄ እመለሳለሁ» አልኳቸው። ያኔ ነው ተቀምጠው የነገሩኝ።

«በስደት ሳለን፣ በጎረቤት አገር፣ አንድ ቤት ነበረን። ከአገር ቤት የሚወጡ ልጆች ያርፉበታል። ቦታውን የምናውቅ መሪዎች ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እሷና አንድ ሌላ ጓድ። አንድ ንጋት ላይ የነጮቹ ወታደሮች ድንበር ተሻግረው መጡ። ቤቱ ውስጥ ያገኙትን በሙሉ ገደሉ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ከተማ ሄጄ እዚያው አድሬ ነበር።»

«እሳቸውስ?»

«እሷም አልነበረችም። ከሦስታችን አንዱ ነው። እኔ አይደለሁም።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱ ነው እኮ ‹እሷን ተጠንቀቅ› ያለኝ። አገራችን ነፃ ስትወጣ ትልቅ ሰው ሆነ። ሲሞት ሬሳው ባንዲራ ለብሶ ነው የተቀበረ። በስሙ መንገድ አለ።»

«እኔ አይደለሁም» የማይል ማን አለ? እኔም ወንድም ነበረኝ። በዚያ በክፉው ዘመን፣ አዲስ አበባ፣ ከጥቂት ዘመድ በቀር ማንም ከማያውቀው ቤት ነው መጥተው የወሰዱት። የጠቆመው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። አክስቶቼ ለቅሶው ላይ እያለቀሱ በነጠላቸው ሥር እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ቤተሰባችን ከዚያ ወዲህ አንድ ማዕድ ቀርቦ አያውቅም። እና አሁን አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ እጅ አየሁት፤ ምስሬን ሲበላ የከረመውን እጅ። የጥርስ ሕመም! ምን ዓይነት ቀላል ምክንያት ነው፣ ብዬ አሰብኩ።

ስብሰባው ከዙሪክ ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ሴትዮዋ ቀድመው ደርሰዋል። ረጅም ናቸው፤ ፀጉራቸው አጭርና ነጭ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ። እኔ በልቤ እትዬ አልኳቸው። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፤ እትዬ ምርኩዙን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩና ሳይጨብጧቸው አለፉ። መድረኩ ላይ ሦስት ወንበር ነበር። በመካከላቸው አንዱን ባዶ ትተው ተቀመጡ።

ንግግሩን ደህና አድርገው ተናገሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «በዚያ ሁሉ አደጋ ውስጥ እንዴት ተማመናችሁ?» ስትል ጠየቀች። ጋሼ ጫማቸውን አዩ። እትዬ ማይኩን ስበው፣ «አልተማመንንም» አሉና መለሱት። አዳራሹ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሰው አዳራሹ ውስጥ የተዘጋጀውን ሾርባ ሊጠጣ ሲነሣ እትዬ ለጋሼ በዓይናቸው ወደ ማድ ቤቱ አመለከቱ። ጋሼ ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። እትዬ በሩን ዘጉና እኔን አዩኝ።

«ይህቺ ማናት?»

«ምስክር» አሉ ጋሼ።

የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተለያየ ነው። እኔም ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከመግባቴ በፊት የዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮዎች ሳጸዳ ስለኖርኩ ነገሩ አላመለጠኝም።

«ጥርስህ ዳነ?» አሉ እትዬ።

ጋሼ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ይህን ያህል ዘመን እሳቸው እትዬን ሲጠረጥሩ፣ እትዬም የእሳቸውን ጥርስ ሲጠረጥሩ ኖረዋል። ጋሼ አፋቸውን ከፍተው፣ ጉንጫቸውን በጣታቸው ገልጠው፣ ክፍተቱን አሳዩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረዋቸው፣ አተኩረው አዩ። ልስቅ ነበር፤ የሁለቱን ፊት ሳይ ሳቄ ጠፋ።

«ጥርስ በማንኛውም ቀን ይነቀላል» አሉ እትዬ።

«አንቺስ? የት ነበርሽ?»

«አንተ ዘንድ እየመጣሁ ነዋ! ከተማ እንደምትፈልገኝ፣ ቶሎ እንድደርስ ተነገረኝ። ወደተባልኩበት ቦታ ብደርስ የለህም።»

«እኔ አልጠራሁሽም። ማን ነገረሽ?»

እትዬ ስሙን ጠሩ። ሦስተኛው ሰው፣ መንገድ የተሰየመለት። ጋሼ ማጠቢያውን ተደገፉ።

«እኔን ደግሞ ‹ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እንዲህ ሆነህ ለማንም አትረባም› ብሎ በግድ ያሳፈረኝ እሱ ነው። ነገ እሄዳለሁ ብዬው ነበር።»

ከአዳራሹ የማንኪያ ድምፅ ይመጣ ነበር። እትዬ በመጨረሻ፣ «ሲታመም ልጠይቀው ሄጄ፣ ከአንተ እንድጠነቀቅ መከረኝ» አሉ። «እጄን ይዞ ነበር።»

«እኔን አውሮፕላን ጣቢያ ነው ስለ አንቺ የመከረኝ» አሉ ጋሼ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኔ እዚያው ፈረድኩ። እነሱ ግን አልፈረዱም። ምናልባት አንድ ነገር ሰምቶ ሊያተርፈን ፈልጎ ይሆናል አሉ እትዬ። ታዲያ ልጆቹን ለምን አላስጠነቀቀም አሉ ጋሼ። ምናልባት እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ነገር ነው፤ ምናልባት አራተኛ ሰው ነበር። እንዲህ ሲሉ ሾርባው አለቀ።

ስንመለስ ጋሼ መስኮቱን እያዩ፣ «አመንሻት?» አሉኝ።

«አዎ። እርስዎስ?»

«ቶሎ ነው የመለሰችው» አሉ። «የተዘጋጀ ሰው ነው ቶሎ የሚመልስ።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። «ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ዛሬ ጠዋት ስጠይቅዎ ቶሎ ነው የመለሱልኝ» አልኳቸው። ዞረው አዩኝ። ቀጥለውም ሳልጠይቃቸው የትግል ስማቸውን ነገሩኝ። ልጄ በማግስቱ ፈልጋ አገኘችው፤ በአንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ሥር፣ ከብዙ ወጣቶች መካከል። ከጎናቸው የቆመችውን ረጅም ልጃገረድ ወዲያው ለየኋት።

እሑድ እሑድ እትዬ ይደውሉ ጀመር። በኮርኒሱ በኩል የጋሼ ድምፅ ወደ ታች ይሰማኛል፤ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። ያን ቀን ማን ምን ለበሰ፣ መኪናው ምን ዓይነት ነበር፣ ማን በየት ገባ። አንዱ ሌላውን ገና ይመረምር ነበር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እትዬ ራሳቸው በባቡር መጡ፤ እኔም ተጠርቼ ወጣሁ። በዚያ ንጋት እዚያ ቤት ውስጥ የተገደለ የአንድ ታጋይ ልጅ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ አባቷ ሲሞት ሕፃን ነበረች። ስልክ ቁጥሯ እትዬ ዘንድ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ደውለውላት ግን አያውቁም።

ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሚያውቁትን ሁሉ ተራ በተራ ነገሯት፤ ጥርሱን፣ ጥሪውን፣ ሦስተኛውን ሰው፣ እርስ በርስ የተጠራጠሩበትን ዘመን ጭምር። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እናቴ ሁለታችሁንም ስትጠረጥር ኖራ ነው የሞተች» አለች። «እስከ ዛሬ ምን ትጠብቁ ነበር?»

ስልኩ ተዘጋ።

ሻይ አፈላሁ፤ ማንም አልነካውም። እትዬ ካፖርታቸውን መልበስ ጀምረው ነበር፣ ስልኩ ሲጮኽ። ልጅቷ ናት።

«ማናችሁንም ገና አላመንኩም» አለች። «ግን ከሞቱት በቀር አባቴን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ድምፁ ምን ይመስል ነበር?»

ሁለቱ አዛውንት ተያዩ።

«ሲያወራ ጥሩ ነበር» አሉ ጋሼ። «ሲዘፍን ግን ጆሮ ያሳምማል። ደግሞ መዝፈን ይወዳል።»

«ጠዋት ጠዋት፣ ሲላጭ» አሉ እትዬ፣ አንድ እጃቸው ካፖርቱ ውስጥ እንደገባ ተቀምጠው።

ጋሼ ሰውዬው ሲላጭ ይዘፍነው የነበረውን ዘፈን ጀመሩት። እትዬ «እንደዚያ አልነበረም» ብለው አቋረጧቸውና በሌላ ዜማ ቀጠሉ። ጋሼ ተቆጡ፤ እትዬም ከዜማቸው አልተመለሱም። ከወዲያ በኩል ልጅቷ «ቆይ፣ እንደገና፣ ሁለታችሁም እንደገና» ትል ነበር።