በሁዳዴ ማን ይቀምሳል

ላም ጾም አታውቅም። ሁዳዴ ሲገባ ደባርቅ ውስጥ ወተት የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል፤ ላሞቻችን ግን እንደ ወትሮው ይታለባሉ። ቀድሞ ወተቱን ንጠን ቅቤ እናወጣ ነበር። ቱሪስት ወደ ተራራው መመለስ ከጀመረ ወዲህ እንግዳ የሚያሳርፈው ሎጅ ለፒዛ የሚሆን ቺዝ ይፈልጋል። እኔና ሙስሊም ጎረቤቴ የሁለታችንን ወተት ቀላቅለን በእኔ ጓዳ ቺዝ መሥራት ጀመርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጾም ወራት ቤታችን የሚቆመው በዚያ ነው።

ይህ ቺዝ ከአይብ ይለያል። ወተቱ ረግቶ ከተቆረጠ በኋላ በራሱ አጓት ውስጥ ቆይቶ መኮምጠጥ አለበት። ኩምጣጤው ልኩ ላይ ሲደርስ በፍል ውሃ ይታሻል፣ እንደ ማስቲካም ይሳባል። ሳይደርስ ከነኩት ይበጠሳል። ካለፈ ይፈረፈራል፤ ሎጁም አይቀበልም። ልኩን የምታውቅልኝ ጎረቤቴ ነበረች። እኔ በሁዳዴ ጣቴን እንኳ አልልስም። እሷ አጓቱን በማንኪያ ቀምሳ "ቆይ" ወይም "በይ አሁን" ትለኛለች።

ያን ዓመት የእሷ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። ቺዙ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይጠብቃትም።

"እንግዲህ የሁለታችንም አፍ ተለጎመ፤ ድመቷን እናስቀምሳት" አለችኝ።

"ድመቷ ትናገራለች?"

"ስትተፋው እናያለን።"

ከድመቷ ያስጣለችን ልጄ ናት። ዳባት ሄዳ ስለ ወተት ሥልጠና ወሰደች፤ ስትመለስ እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ ከሴቶች ማኅበራችን ተውሳ መጣች። ጫፏ ብርጭቆ ነው። አጓቱ ውስጥ ስትነከር ቁጥር ታወጣለች፤ ወተቱ እየኮመጠጠ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። አምስት ነጥብ ሁለት ላይ ሲደርስ ጊዜው ነው። እኔ አላመንኳትም። ምላስ የሌለው ነገር ኩምጣጤን በምን ያውቃል? ጥግ ይዤ መለኪያዋንም ልጄንም አያለሁ። ቺዙ ግን ተሳበ። ሎጁም ተቀበለ።

ልጄ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነበር። እጮኛዋ ከደረስጌ በኩል የሆነ ዲያቆን ነው፤ የሚጋቡትም በቁርባን ነው። ሌላ ሴት ልጅ የለኝም። አባቷ ሳያየው ያረፈውን ቀን ለእኔ ሊያሳየኝ ነው ብዬ ፈጣሪን ሳመሰግን ከረምኩ። በቁርባን የሚጋባ ሰው ግን ጾሙን ገድፎ፣ ገድፎም ደብቆ፣ ሥጋ ወደሙ ፊት አይቆምም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ለጥጃዋ አጓት ልትወስድ መጥታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አንች፣ ያች ዕቃ የት ሄደች?"

"የቷ?"

"ልጅሽ የምትነክራት። ሰሞኑን አላየኋትም። ልጅቷ ግን ልክ ልኩን ትናገራለች።"

"የሆነ ቦታ አስቀምጣት ይሆናል።"

"ይሁና። እኔም እኮ ዕቃ አልነበረኝም፤ ምላስ ነበረኝ" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲያ ልጄን መከታተል ጀመርኩ። ጓዳ ስገባ ትደነግጣለች። ቺዙ ሊደርስ ሲል "እማ፣ እስቲ እንጨት አምጭልኝ" ብላ ታስወጣኛለች። ይዤ ስመለስ "ደርሷል" ትላለች። ማንኪያዎቹን አሸተትኩ፤ ሁሉም አጓት አጓት ይላሉ። ስታወራኝ ከንፈሯን አያለሁ። ማዕድ ቀርበን ጥቂት ከበላች "ምን በልታ ነው?" እላለሁ። አጥብቃ ከበላችም "ምን ልትሸፍን ነው?" እላለሁ።

አንድ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ቀደም ብዬ ተመለስኩ። ነጠላዬን ሳላወርድ ጓዳው በር ላይ ቆምኩ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ሁለት እጇ አፏ ዘንድ ነው። ትኩስ ጉርሻ እንደያዘ ሰው እፍ እፍ ትላለች።

ሳታየኝ ወጣሁና ወደ ነፍስ አባታችን ቤት ሄድኩ። እርሳቸው ካወቁ ጋብቻው ይዘገያል፣ ምናልባትም ይቀራል። ካልነገርኳቸው ልጄን እያወቅሁ ወደ እሳት እልካታለሁ። በራቸው ላይ ስደርስ ከውስጥ ዳዊት ሲደግሙ ሰማሁ። እጄን ለማንኳኳት አነሣሁና ተውኩት። ያየሁት ጀርባዋን ነው። ጉርሻውን አላየሁም። በጀርባ ብቻ ልጄን እከሳለሁ? ተመለስኩ።

ልጄ አሁንም ጓዳ ነበረች።

"ጾም ገድፈሻል?" አልኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ማን አለ?"

"ዓይኔ። ቅድም መስኮቱ ጋ ስትበይ።"

ፊቷ ቀላ።

"ስበላ አየሽኝ?"

"አፍሽን አላየሁም።"

"እንግዲያው ነይና እዪ።"

ሲኒ ውስጥ ፍል ውሃ ቀዳች። ከረጋው ቆንጥራ ውሃው ውስጥ ጨመረች፤ ቆየት ብላ አወጣችና የተቃጠለ ጣቷን እፍ እያለች በመስኮቱ ብርሃን ፊት ሳበችው። ትንሽ ተሳበና ተበጠሰ።

"ገና ነው። ሲደርስ ይረዝማል፣ ያብረቀርቃል። ሥልጠናው ላይ ይህንንም አሳይተውናል።"

"መለኪያዋስ?"

ከጨው ዕቃው ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣች። የብርጭቆው ጫፍ ተሰንጥቋል።

"ከእጄ አምልጣ ድስቱ ጠርዝ ላይ ወደቀች። የማኅበሩ ናት። ለሰርጌ ስትደክሚ ይህን አልጨምርብሽም ብዬ ነው።"

"ለዚህ ነው እንጨት የምታሸክሚኝ?"

"ለዚህ ነው።"

"ቤቱ እኮ በእንጨት ሞላ።"

ልትስቅ ፈለገች፤ እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።

"ቅረቢ" አልኳት።

ቀረበች። የምፈልገው ገብቷት አፏን ከፈተችልኝ። አሸተትኩ። የጾመ ሰው አፍ ነበር፤ ደረቅ፣ ባዶ። ተመስገን አልኩ በልቤ።

"ለነፍስ አባታችን ነገርሻቸው?" አለችኝ።

"በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ተመለስኩ።"

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ተቀየመችኝ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ፤ ፊቷ አልነገረኝም። እሳቱን ቆስቁሳ ውሃውን እንደገና አፈላች። ከረጋው ሌላ ቆንጥራ ነከረችና አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"ያዥ። ያቃጥላል።"

ያዝኩ። ወደ ኋላ እየሄደች ሳበችው። በሩ እስክትደርስ አልተበጠሰም።

"ደረሰ" አለች።

"ደረሰ" አልኩና ነጠላዬን አውልቄ ልናሸው ተቀመጥን።