የሰው ስንቅ

የልጅ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት የምወስደው እኔ ነኝ። ጉለሌ ያለው ይህ ትምህርት ቤት ድሮ የካቶሊክ መነኮሳይያት ገዳም ነበር። በአብዮቱ ጊዜ እነሱን አስወጥተው እኛን አጎሩበት። ኋላ ተመለሰላቸውና አሁን ሕፃናት ያስተምሩበታል። እኔ የታሰርኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ዛሬ ፊደል ተለጥፏል። እሱስ ደግ ነው። ሰላም የነሳኝ በሩ ነው፤ ያኔ ስንቅ የሚያመጡ ሴቶች ይሰለፉበት የነበረው በር።

ከክፍለ ሀገር የመጣሁ ተማሪ ስለነበርኩ ለእኔ ስንቅ የሚያመጣ አልነበረም። አጠገቤ ለሚተኛው የአዲሱ ገበያ ሰው ግን ሚስቱ በየቀኑ ታመጣለት ነበር፤ ያካፍለኛል። አንድ ጠዋት ጠርተው ወሰዱት። መገደሉን ከዘበኞቹ ሰማን፤ ለእሷ ግን የነገራት የለም። በማግስቱ ሰሃኑ እንደወትሮው ገባ። የክፍላችን ካቦ ወደ እኔ ገፋ አደረገውና «ብላና ባዶውን መልስ፤ አለዚያ ስንቁ ይቀራል» አለኝ። በላሁ። ለእሷ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ርቦኝ ነው። ሸሚዙንም ለብሼ፣ አቆሽሼ፣ እንድታጥበው አወጣሁላት። በር ላይ «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» እስኪሏት ድረስ ሁለት ወር አለፈ።

ተፈትቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰፈሯ አላለፍኩም። ዘንድሮ ግን እሷ በቆመችበት በር በየቀኑ መቆም ሲያቅተኝ ቤቷን አጠያይቄ ሄድኩ። አሁን ትልቅ ሰው ናቸው። ቢረግሙኝ እንደማይፈረድባቸው እያሰብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሙት ዓመቱን ይሄን ሁሉ ዘመን ያለቀኑ ነው የማስበው በለኛ» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንገቴን ደፋሁ።

«በአርባው ቀን የኔን ምግብ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ዘመድ አልነበረህም፣ እስረኛ ነበርክ፣ ርቦህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያ ተዝካሩን ሳላውቀው በቀኑ አውጥቼለት ኖሯል።»

እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ተዝካር የበላ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ነው የሚነሳው። አንተ አላልክም። እስቲ አሁን በል።»

ሁለት ጊዜ ሞክሬ ድምፄ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው አልኩ።