ለሁለቱም ወገን

ሹኩሪያ አምቦ ላይ በከፈተችው ሻይ ቤት፣ ለምሳ ሰዓቱ ዜና የሚመጣ አንድ ሰው ነበር። ከጉደር በኩል መምጣቱን እንጂ ስሙን አናውቅም። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ካለው መቁጠሪያ ሳይለይ ሻዩን ይጠጣል። ካቶሊክ ነው ይሉታል።

ሬዲዮው ስለ ሰሜኑ ጦርነት ሲጀምር ቆቡን ያወልቃል። «የተሰዉ ጀግኖች» ሲባል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «የተደመሰሱ ወንበዴዎች» ሲባልም ያንኑ ጸሎት ይደግማል። ነገሩ ቢገርመንም ደፍሮ የጠየቀው አልነበረም።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለወንበዴም ትጸልያለህ?»



«ልጄ ዘምቶ ተማረከ» አለ ሰውየው በዝግታ። «አሁን ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚዋጋ አላውቅም። ስለዚህ ሁሉንም ለእመቤታችን አደራ እሰጣለሁ፤ እሷ ለይታ ታውቀዋለች።»

ሊቀ መንበሩ ብርጭቆውን አንስቶ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኦቦ፣ ባይሳ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። ደብዳቤው ከቀረ ቆየ። እሱንም ይጨምሩልኝ።»

ሰውየው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የልጁን ስም ግን ማናችንም ሳንጠይቀው ወጥቶ ሄደ።