ያልተቆለፈው ክፍል

እኔ አረጋ፣ ላሊበላ አቅራቢያ ያለች የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነኝ። ዛሬ ቆሜ የማወራው ፅናት በምትባል ልጅ ምክንያት ነው። የጎረቤቴ የእሱባለው ልጅ ናት። የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ስትመጣ፣ «ይቺ ደግሞ ምሰሶ ላይ ልትወጣ ነው?» ብዬ የሳቅሁባት እኔ ነኝ። አሁን የከተማው ሆቴሎች መስመር ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እሷን ነው። ሳቄ በአፍንጫዬ ወጣ።

በንግሡ ዋዜማ፣ ጠዋት፣ የቅኔ ማኅሌቱ መብራት ጠፋ። መምሬ ደሳለ «ፅናት ትምጣና ትየው» ሲሉ፣ «ለአንዲት አምፖል?» ብዬ ተነሳሁ። ዋሻው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጫማ ደግሞ እንደ ደንባችን ደጅ ይቀራል። ማጥፊያው ያለበትን የቆጣሪውን ክፍል እንደ ልማዴ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ፤ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ትዝም አላለኝ። በባዶ እግሬ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሽቦውን ያዝኩ።

ከዚያ ሽቦው ያዘኝ። ልልቀቅ ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ድምፄም ታፈነ። ሞቴን አየሁት፤ ልጆቼ ፊቴ ድቅን አሉ።

መምሬ ሊጎትቱኝ ሲሮጡ፣ «አይንኩት አባ፤ እርስዎንም ይይዝዎታል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፅናት ነበረች፤ ልትሳለም መጥታ። እንዳታጠፋው ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉም እኔው ኪስ ውስጥ ነው። ደረቅ ምንጣፍ አጥፋ ረገጠችና በመምሬ መቋሚያ ሽቦውን ከእጄ አላቀቀችው። ተዘረርኩ።

ሰዉ አካፋ ይዞ መጣ። እኛ ዘንድ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው እስከ አንገቱ ቢቀብሩት፣ አፈሩ ይስብለታል ይባላል።

«አፈር የሚለብሰው የሞተ ነው» አለች ፅናት። «እናንተ የምታዩት መዳፉ ላይ ያለችውን ቁስል ነው። ኤሌክትሪኩ ግን በእጁ ገብቶ በእግሩ ሲወጣ በልቡ በኩል አልፏል።»

ባጃጅ ውስጥ ከተተችኝ። «ደህና ነኝ እኮ» ብላት፣ «ደህና መሆንዎን ሐኪም ይንገረን ጋሼ» አለችኝ። ሆስፒታል ገብቼ አልጋ ላይ እንደተጋደምኩ የልቤ ምት ተዛባ፤ ራሴን ሳትኩ። ሐኪሞቹ መለሱኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቀርቼ ነበር።

ድኜ ስመለስ፣ መምሬ ደሳለ አዲስ የጎማ ጫማ ከዕቃ ቤት አውጥተው ለፅናት ሰጧት። «የውጭ አፈር አልነካውም፤ መኖሪያው እዚሁ ነው። መብራት ስትሠሪ ታደርጊዋለሽ» አሏት።

«እግዜር ይስጥልኝ አባ። ጫማ ብቻውን ግን አያድንም፤ መጀመሪያ ማጥፋት ነው» አለችና ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን፣ ጋሼ።»

አቀበልኳት። ክፍሉን ከፍታ ጓጉንቸሩን ነቀለችው። ከዚያ ወዲህ በሩ ተቆልፎ አያውቅም፤ የምጠብቀው እኔው ነኝ።