መቶ በመቶ ያለቀው ቦይ

በዚያች ከተማ ብቻውን ሦስት መንገድ፣ ሁለት ድልድይ፣ አንድ የገበያ አዳራሽና ስምንት የፍሳሽ ቦይ ሠርቶ የጨረሰ ሰው አለ፤ አካፋ ግን ነክቶ አያውቅም። ሁሉንም በብዕር ነው የጨረሳቸው። ማዘጋጃ ቤት፣ ሕዝብ ግንኙነት የሚባል ክፍል ውስጥ ይሠራል። ክፍሉ ማለት ራሱ ነው፣ እሱና አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ። በየወሩ የከተማው ሥራ የት እንደደረሰ ጽፎ በር ላይ ካለው ሰሌዳ ይለጥፋል፤ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን መኪና ላይ ጭኖ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ያነባል። ሰዉ ስሙን ትቶ «መቶ በመቶ» ይለዋል። እሱ ደግሞ፣ የዋህ፣ ለሙገሳ የሚሉት ይመስለው ነበር።

መቶኛውን ከየት ያመጣዋል ቢሉ፣ ከመሐንዲሱ አፍ። መሐንዲሱ «አስበንበታል» ካለ ሠላሳ ይጽፋል። «ዕቃ እየመጣ ነው» ካለ ሰባ። ማሽን ቦታው ላይ ቆሞ ከታየ፣ ይሥራም አይሥራም፣ ሰማንያ አምስት። ሃምሳ የሚባል ቁጥር ግን አይነካም። አንዴ ሃምሳ ጽፎ ከንቲባው አስጠርተው፣ ግማሹ ተሠራ ማለት እኮ ግማሹ አልተሠራም ማለት ነው ብለው ሲቆጡት እዚያው ፊታቸው ሰርዞ ሰባ አድርጎታል።

ፎቶውስ? ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት መቶ እርምጃ የማትሞላ መንገድ አለች። ከነቦዩዋ ከነክዳኗ ያለቀችው እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ከወዲህ፣ ከሰዓት ከወዲያ፣ አንዳንዴ ቁጢጥ ብሎ፣ አንዳንዴ ወንበር ላይ ወጥቶ ያነሳትና ለስምንት ሰፈር ያከፋፍላታል። በስምንቱም ፎቶ ላይ አጥር ላይ የተሰጣ ቀይ ብርድ ልብስ ይታያል። የሰፈሩ ሴቶች ሰሌዳው ሥር ቆመው፣ ይቺ ሴትዮ ስምንት ቤት ሠርታ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ኖሯት ቀረች እያሉ ይንከተከቱ ነበር።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባላል። እሱ ምኑንም አልቆፈረም፤ ግን ገባበት።

የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። ሚስት የለውም፣ ሲጠየቅ «በሂደት ላይ ነው» ይላል። ከአሥራ አንድ ወር በፊት አንድ ቆፋሪ ማሽን መጥቶ በደጃቸው ከዳር እስከ ዳር ቦይ ቀደደና፣ ክዳኑ በሳምንቱ ይመጣል ተብሎ ሄደ። የሄደ እንደሄደ ቀረ። መቶ በመቶም በልማዱ መጀመሪያ ሰባ ጻፈ፣ ቀጥሎ ዘጠና፣ በስድስተኛው ወር «ተጠናቋል» ብሎ ከነፎቶው ለጠፈው። ማታ ማታ ያንኑ ያለቀ ቦይ በአንዲት ጠባብ ጣውላ ላይ ሚዛኑን እየጠበቀ ተሻግሮ ቤቱ ይገባል። አንድ ቀን እንኳ አላፈረም።

እናትየው ግን ጉልበቷ የታመመ ነው፤ ጣውላ ላይ አትወጣም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከደጅ አልወጣችም። እሱ አንድ ጠዋት አዝላታለሁ ብሎ ጀርባው ላይ አወጣት፤ ጣውላዋ መሀል ላይ ቀጭ ስትል ሁለቱም ደርቀው ቀሩና ወደኋላ ወደኋላ ተመለሱ። እሷም፣ እኔ አንተን ሁለት ዓመት አዝዬ አንድ ጣውላ አልሰበርኩም አለችው።

መውጣት ያማራት ለመዝናናት መስሏችሁ እንዳይሆን። ታላቅ እህቷ ከተማው ወዲያ ጫፍ አልጋ ይዛለች። ጆሮዋም ደክሟል፤ ስልክ ቢደውሉላት «ማን ነሽ? ማን ነሽ?» ብላ ትዘጋዋለች። ሁለቱ ደግሞ የአንድ ማህፀን ልጆች ብቻ አይደሉም፣ የአንድ ወሬ ልጆችም ናቸው። አንዷ ያወቀችውን ሌላዋ ካላወቀች ቀኑ አይመሽላቸውም። እህትየው ከዛሬ ነገ አትተርፍም የሚል ወሬ የመጣ ቀን እናትየው ምንም አላለቀሰችም። ልጇን ጠርታ ተናገረችው።

«እህቴ ሳላያት ከሞተች፣ እሱንም ሰሌዳህ ላይ ለጥፈው። ተጠናቋል በል።»



በነጋታው መሐንዲሱ ቢሮ ሄዶ፣ እባክህ ወንድሜ አራት ክዳን ብቻ፣ ለደጃችን አለው። መሐንዲሱ ፋይል አገላበጠና ከመነጽሩ በላይ አየው። ያንተ ሰፈር ቦይ እኮ አልቋል፣ አለው፤ ይኸው መቶ በመቶ፣ ይኸው ፎቶው። ያለቀ ሥራ ላይ ክዳን ልላክ ብል፣ ታዲያ ያኔ ምኑ ነው ያለቀው እባላለሁ። ያላለቀ ቢሆን እሠራው ነበር።

«እሱን እኮ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ መቶ በመቶ።

«እንግዲያው አንተው ተሳስቻለሁ ብለህ ጻፋ።»

ተሳስቻለሁ ብሎ ቢጽፍ በማግስቱ ከሥራው ይባረራል። ሁለቱም ያውቁታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል ይስቅ የነበረ ሰውዬ፣ ራሱ ጽፎ ራሱ የሰቀላትን ላም ሽቅብ እያየ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ከበላይ መሥሪያ ቤት አንዲት ሹም ያለቁትን ሥራዎች ልታይ ትመጣለች ተባለ። ከንቲባው ጠሩትና፣ እንደ ባለፈው አድርግ አሉት። እንደ ባለፈው ማለት ምን መሰላችሁ፤ እንግዳውን ያቺን መቶ እርምጃ አሳይቶ፣ በግራ በኩል አዙሮ፣ በሌላኛው ጫፍ አግብቶ «ይሄ ደግሞ ሁለተኛው ሰፈር ነው» ማለት ነው። ያለፈው እንግዳ ሦስት ጊዜ ያንኑ መንገድ አይቶ፣ ሥራችሁ አንድ ዓይነት ጥራት አለው ብሎ አመስግኖ ሄዷል።

ሹሟ መጣች። ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የመጀመሪያዋን መንገድ አይታ መኪና ውስጥ ገቡ፤ ከንቲባው ከኋላ ከእሷ ጋር፣ መቶ በመቶ ከፊት ከሾፌሩ አጠገብ። ሾፌሩ ልማዱን ያውቀዋልና መሪውን ወደ ግራ ሊያዞር ሲል፣ መቶ በመቶ ቀስ ብሎ «ወደ ቀኝ» አለው። ሾፌሩ ያበደ መስሎት ዞሮ አየው። «ወደ ቀኝ አልኩህ» አለ፣ ድምፁ የራሱ እስከማይመስለው ድረስ። ከኋላ የከንቲባው ጉሮሮ ሲጠራረግ ይሰማል፤ በእንግዳ ፊት ደግሞ ምን ይባላል።

ሰፈሩ ገቡና ከደጃፉ ቆሙ። ቦዩ አፉን ከፍቷል። ዝናብ ያመጣው ውሃ፣ አንድ ያረጀ ጫማና አረም ሞልቶበታል። ወዲያ ማዶ እናትየው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሹሟ ከንቲባው የሰጧትን፣ የሰሌዳው ፎቶዎች የታተሙበትን መጽሔት ገልጣ ፎቶውን አየች፣ ቦዩን አየች፣ ደግሞ ፎቶውን አየች።

«ይሄ የትኛው ነው?» አለች።

ከንቲባው መልስ ሲያዘጋጁ መቶ በመቶ ቀደማቸው። «ሦስተኛው ሰፈር ነው። መቶ በመቶ ያለቀው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዳላለቀ እያወቅኩ።»

እናትየው ግን ነገር የምታበርድ ሴት አይደለችም። እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም ብላ ጠራቻት። «ነይ ግቢ ልጄ። ጣውላዋ ግን አንድ አንድ ሰው ነው የምትችለው፤ ወፈር ያሉት እዚያው ይቆዩ።»

ሹሟ ጫማዋ ረድቷት ተሻገረች። ከንቲባው አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ ጣውላዋ ስታቃስት እግራቸውን መለሱት። ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ፣ ክራቫታቸውን እያላሉ። ሹሟ ውስጥ ገብታ ውሃ ጠጣች፣ አንድ ሰዓት ሙሉም ተቀመጠች። እናትየው በአንድ ሰዓት የተናገረችውን ማዘጋጃ ቤቱ በአሥር ዓመት አልጻፈውም፤ ቀዩን ብርድ ልብስ ጨምራ ነው የነገረቻት። የብርድ ልብሱ ባለቤት ማን እንደሆነች፣ ከማን ጋር እንደተጣላችም ሳይቀር።

በሦስተኛው ቀን ክዳኑ መጣ። ከየት መጣ? ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ውስጥ አንድም ክዳን አልነበረምና፣ ከራሱ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ነቅለው ነው ያመጡት። ዛሬ ከንቲባው ቢሯቸው ሲገቡ ኮታቸውን ሰብስበው ይዘልላሉ ይባላል። ባይዘልሉም ወሬው ደስ ይላል።

መቶ በመቶን አላባረሩትም፤ ቢባረር ያወራል ብለው ሰጉ። የውሃ ቱቦ መጋዘን ጠባቂ አደረጉት። ሰሌዳውን አሁን ሌላ ሰው ይጽፍበታል። ያ ሰው ጥንቁቅ ነው፤ ሁሉንም ሥራ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ያቆመዋል።

ክዳኑ በገባ ዕለት፣ እናትየው ሲሚንቶው ላይ በዱላዋ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ተሻገረች። ልጇ ደግፏት ታክሲ ያዙ፣ እህትየውም ዘንድ ደረሱ። እህትየው ከስታለች፣ ትራሱ ከእሷ ይከብዳል። ዓይኗ ግን ነቅቷል። ታናሿን ስታይ እጇን ያዘችና፣ እንኳን ደህና መጣሽም ሳትል ተቆጣች።

«አሥራ አንድ ወር የት ነበርሽ?»

እናትየው ስለ ቦዩ ብትጮህ፣ ስለ ጣውላዋ ብትጮህ፣ እህትየው «ምን?» ከማለት በቀር የሚገባት ነገር የለም። ደከማትና ወደ ልጇ ዞረች። «አንተ ንገራት። ድምፅ ማጉያ የያዝከው አንተ ነህ።»

አልጋው ሥር ተንበረከከ። ጆሮዋ ድረስ ወርዶ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ቦዩ ሳይከደን ተከድኗል ብዬ ስለዋሸሁ ነው አክስቴ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁብሽ አላት።



«እሱን ሰማሁት» አለች አክስቲቱ። «በል አሁን ወንበሩን ለእናትህ አስጠጋና ውጣ። እኛ ብዙ ወሬ አለብን።»